ከዝግ ቦይለር ፊት

ሹዌይክ፣ ወደቡ ዳር፣ ክሬን ካንቀላፋበት፣
አንድ አዳራሽ አለ፣ ብረት ጡረታ የወጣበት።
ከንጋት በፊት ነው የኔ ሰዓት እዚያ፤
ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ቅባት፣ የነሐስ መወልወያ።
ማቀዝቀዣው ያፏጫል፤ ከውጭ ሐምሌ ይነዳል፤
እሳት የለመደ ብረት እዚህ ይበርዳል።

ጎብኚ ሲመጣ ሰሌዳውን ያነባል፦
የት አገር እንደ ተሠራ፣ በየትኛው ዓመት ገባ፣
በቀን ስንት ጋሎን ይህን ከተማ እንዳጠባ።
እኔ ሰሌዳ አልፈልግ፤ ብረት በእጄ ነው የማውቅ፤
ግፊት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ቢወድቅ
መሞቱን ሳይሆን መተኛቱን ነው የምጠረጥር።

አባቴ፣ አብዶሽ፣ በድሬው ባቡር ጋራዥ፣
ጢስ ጥርሱን ያጠቆረው እሳት አንዳጅ፤
ደቻቱ ደርቆ አሸዋው እግር ሲያቃጥል
ለሰፈር ልጅ ውሃ ከባቡር ሆድ የሚያድል።
«ግራ ይከፍታል፣ ቀኝ ይዘጋል» ይለኝ ነበር፤
«ብረት ሊፈነዳ ሲል አስቀድሞ ይነግርሻል፤
ሰው ግን ዝም ብሎ ቆይቶ ይፈነዳብሻል።»

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል ቡ ፈላህ፣ ሽማግሌው፣
ከዘራው ጫፍ ላይ የቴኒስ ኳስ ያለው።
ጆሮውን ሲሊንደሩ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤
«ተኝቷል» ይለኛል፤ ይስቃል፤ ይቀመጣል።
አረብኛው ባሕር ነው፣ የኔ የወጥ ቤት ጣሳ፤
ስለ ውሃ ሲወራ ግን ቃል የለኝም የምረሳ።

በልጅነቱ፣ ይላል፣ ውሃ በጀልባ ነው የሚመጣ፣
ከሻት ወንዝ፣ በእንጨት በርሜል፣ ነፋሱ ካልተቆጣ።
ከተቆጣ ግን ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት፤
ጣሳዋን አቅፋ ትተኛለች እናት።
«ከዚያ ይኼ መጣ» አለ፣ ብረቱን በመዳፉ መታ፤
«ባሕሩን ጠጥቶ ላቡን ሰጠን፣ ጧት ማታ።»

ባለፈው ሰኞ አለቃዬ መጣችና
«የሆድ በሩን ክፈቺው፣ ውስጡ ይጽዳ» አለችና
ሄደች።
ብሎኑ እንቢ አለኝ። የአባቴ እጅ በእጄ ገባ።
ግራ። ግራ። ደግሞ ግራ።

ተከፈተ።
ስልሳ ዓመት የከረመ የባሕር ሽታ ወጣ።
ባትሪ ሳበራ ቅርፊት፣ ጣት የሚያክል፣ ነጭ፦
ጣፋጩ ሲሄድ ተጣብቆ የቀረው፣
ሰው ገብቶ በመዶሻ ሲቀርፈው የነበረው።
ሰው ገብቶ! በዚህ ቀዳዳ! የኔ ትከሻ እንኳ አይገባ፤
ልጅ ነበር ማለት ነው፤ ባሉች? መላባር? ወይ ካንዱ ጀልባ
ከነናፍቆቱ የወረደ፣ አጥንቱ ያልጠና።

ቅርፊቱ ከለቀቀበት፣ ባዶው ብረት ላይ፣
በመሮ ጫፍ የተጫረ ነገር ለዓይኔ ታየ፦
አራት ቁም፣ አንድ ተሻጋሪ፤
አራት ቁም፣ አንድ ተሻጋሪ፤
እየቆጠርኩ ሄድኩ። ዘጠኝ ጊዜ።
መጨረሻው ሦስት ቁም ብቻ።
ተሻጋሪ የለውም።

ምን ይቆጥር ነበር? ቀን ነው? ያልተከፈለው ደሞዝ?
እኔ እንኳ የማልቆጥር መስዬ፣ በስልኬ፣ በምስጢር ቁጥር፣
ሃያ ሁለተኛ ወሬን ነው የያዝኩት።

ሐሙስ ለቡ ፈላህ ነገርኩት።
ጎንበስ ብሎ ሊያይ ፈለገና ጉልበቱ ከለከለው።
ኳሱን መሬት ላይ አንዴ አነጠረው።
ብዙ ቆየ።
«አባቴ እዚህ ፎርማን ነበር» አለ፤
«ትንንሾቹን እሱ ነበር የሚመርጣቸው።»
ያን ቀን ጆሮውን ብረቱ ላይ አላኖረም።

ማታ በሩን ገጠምኩት። ቀኝ። ቀኝ። እስኪጠብቅ።
ከመዝገቡ ላይ «ጸድቷል» ብዬ ፈረምኩ፤
ቅርፊቱን ግን
አልነካሁትም።